«ሐበሻ ነን እንጂ ብላክ አይደለንም» ማለት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ የ12 ዓመት ልጄ እዚሁ ነው የተወለደው። የትምህርት ቤት ፎርም ስሞላ ዘር የሚለው ጋ «ብላክ» የሚለውን ዘልዬ «አዘር» ላይ «ሐበሻ» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ አይቶኝ ኖሮ ባስ ላይ ለጓደኛው «እኛ ብላክ አይደለንም» ብሎታል፣ ጓደኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ከዛ ወዲህ አያናግረውም። እኔ ማንነቱን እንዳይረሳ ብዬ ነው። ኃጢአት ነው? ለንስሐ አባቴስ ልናገር?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለጠየቅሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙዎቻችን የምንሸሸው ጥያቄ ነው።

ልጅሽ አማርኛ እንዲናገር፣ እንዲጾም፣ የክርስትና ስሙን እንዲያውቅ መፈለግሽ በጣም ጥሩ ነው። ሐዋርያትም (ሐዋ. 15) ከአሕዛብ ያመኑት ክርስቲያን ለመሆን ብለው መገረዝ የለባቸውም ብለው ወስነዋል፣ ስለዚህ እዚህ ተወለደ ተብሎ የራሱን ጥሎ ሌላውን ሁሉ መምሰል አይጠበቅበትም። ፎርሙ ላይ ሐበሻ ብለሽ መጻፍሽም በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ ያቺን ሳጥን ለምን ዘለልሻት ነው፣ እውነቱን እንነጋገር ካልን እዛ ውስጥ ከገባን ዝቅ እንላለን ብለን ፈርተን ነው።

ዘኍልቁ 12ን አንብቢው። ሙሴ ኢትዮጵያዊት አገባ ብለው እህቱ ማርያምና አሮን አሙት፣ ማርያምን ለምጽ መታት፣ 7 ቀን ከሰፈር ውጪ ተቀመጠች፣ እሷ እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ ሁሉ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። እዛ ታሪክ ላይ የታማችው የኛ ሴት ናት፣ አሜሪካ ስንመጣ ግን እኛ ራሳችን እንደ ማርያም ሐሜተኛ ሆንን!

ደሞ እንዴት እንደገባን አንርሳ። ድሮ የኢሚግሬሽን ኮታው ለአውሮፓ የሚያደላ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1965 ሕጉ የተለወጠው ጥቁር አሜሪካውያን ለመብታቸው ሲደበደቡና ሲታሰሩ በነበረበት ጊዜ ነው፣ በነሱ ደም በተከፈተ በር ነው የገባነው። አሁን ኒውዮርክ ሐርለም ያለው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርችም በ1808 ሲመሠረት ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተለይታችሁ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ብለው ወጥተው ነው፣ እምነታችን ቢለያይም ስሙን ከኛ አገር ነው የወሰዱት። በ1935 ደግሞ ጣሊያን ሊወረን ሲል ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ፓይለት ከቺካጎ መጥቶ ለኛ በርሯል፣ የሞተውም አገራችን ላይ ነው።

ይሄን የምልሽ እኔ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። መጀመሪያ ስመጣ ፓርኪንግ ስሠራ ሥራውን ያሳየኝ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፣ ብርዱ ሲጀምር የራሱን ካፖርት ከመኪናው አውጥቶ አለበሰኝ። እኔና ጓደኞቼ ግን አጠገቡ ቆመን በአማርኛ «ባርያ» እያልን እናወራ ነበር፣ እሱ ፈገግ ብሎ ያየናል። አለቃችን «እናንተ እኮ እንደነሱ አይደላችሁም» ሲለን ደስ ይለን ነበር፣ ሁለታችንንም የሚከፋፍል ንግግር መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ስፈልግ ሥራውን ለቆ ነበር፣ አላገኘሁትም።

አንቺ ግን የልጅሽን ጓደኛ ታገኚዋለሽ። ለልጅሽ «ተሳስቻለሁ፣ ሐበሻም ነህ ጥቁርም ነህ» በይው፣ ሁለቱም እውነት ነው። ከዛ ለጓደኛው እናት ደውይላት፣ ምን እንዳደረግሽና ለምን እንደሆነ ሳታሳምሪ ንገሪያት፣ ትቀየመኝ ይሆናል ብለሽ አትቅሪ። ለንስሐ አባትሽም አዎ ተናገሪ፣ ግን ከስልኩ በኋላ ይሁን።