ሰዓት «ማመሳሰል»፣ «ማናበብ» ወይስ «ማስተካከል»?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ለሚገኘው የኮምፒውተር ክፍላችን በአማርኛ መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ሰርቨሩ ጊዜን ከጂፒኤስ ሳተላይት ይቀበላል፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከሰርቨሩ። ይህን ሥራ «ማመሳሰል» እንበለው፣ «ማናበብ» ወይስ «ማስተካከል»?

መልስ፦ ሦስቱም ጥሩ አማርኛ ናቸው፤ የሚለያዩት ማን ማንን ይከተላል በሚለው ነው።

«መሰለ» መልክን ይመለከታል። ሁለት ሰዓቶች አንድ ቁጥር ካሳዩ ተመሳስለዋል፤ ሁለቱም አብረው ተሳስተው ሊሆን ግን ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ «ማመሳሰል»ን አልመርጥም። «አስተካከለ» ስንል ግን ከጀርባው ልክ አለ። እዚህ ልኩ ሳተላይቱ የተሸከመው አቶሚክ ሰዓት ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ያዳምጣል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም። ስለዚህ «ከሳተላይቱ ጋር» የሚለው «ጋር» ያሳስታል፤ ሁለቱ ተነጋግረው የተስማሙ ያስመስላል። «በሳተላይቱ ጊዜ ማስተካከል» በሉ። ይህ «በ» «በክንድ ለካ»፣ «በሚዛን መዘነ» የምንልበት «በ» ነው።

ከሰርቨሩ በታች ነገሩ ይለወጣል። በኤንቲፒ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሰዓት በሚጠያየቁበት ደንብ፣ ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፤ ጥያቄው የወጣበትና የደረሰበት፣ መልሱ የወጣበትና የደረሰበት አራት ጊዜ ይመዘገባል። ስሌቱ መሄጃውና መመለሻው እኩል ይፈጃሉ ብሎ ይነሣል፤ እኩል ካልሆኑ የልዩነታቸው ግማሽ ስሕተት ሆኖ ሰዓቱ ውስጥ ይገባል። እዚህ ጥያቄና ምላሽ ስላለ «ማናበብ» ቦታው ነው።

«መዘግየት»ንም ተጠንቀቁበት፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር እንዳይሸከም። ምልክቱ ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ እስኪደርስ ቢያንስ 67 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ይህን «የጉዞ ጊዜ» በሉት። ሰዓቱ ራሱ ሲሆን «ወደ ኋላ ቀርቷል»። ቀስ በቀስ ከልኩ መራቁ ደግሞ «መዛነፍ» ነው፤ «ዝንፍ አይልም» ከምንለው። ከሚሊዮን 20 እጅ የሚዛነፍ የኮምፒውተር ሰዓት በቀን 1.7 ሰከንድ ያህል ይስታል። አንቴናው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተተከለ ምልክቱ ይጋረዳል፤ ሰርቨሩ ግን በራሱ ሰዓት መቁጠሩን ይቀጥላል። ያን ጊዜ «ሰዓቱ ቆሟል» ብሎ መጻፍ ጠጋኙን ያሳስታል። መዛነፍ ጀምሯል ነው የሚባለው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ሰዓቱን አስተካክሉ» ብሎ ዝም ማለት ነው። «በምን?» የሚለው ካልተጻፈ አንባቢው በለመደው ልክ ያስተካክላል። ኮምፒውተሩ 13:00 ሲያሳይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ስለሆነ፣ የተሳሳተ መስሎት በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ይህ 21,600 ሰከንድ ነው። ntpd የተባለው የኤንቲፒ ፕሮግራም ደግሞ በነባሪ ቅንብሩ ከ1,000 ሰከንድ የበለጠ ልዩነት ሲያገኝ አላርምም ብሎ ሥራውን ያቆማል። ኬርቤሮስ የተባለውን የመግቢያ ፈቃድ ማረጋገጫ የሚጠቀም ኔትወርክ ከሆነም፣ በሰዓቶች መካከል የሚፈቀደው የተለመደ ልዩነት 5 ደቂቃ ስለሆነ ሠራተኛው መግባት ይከለከላል።

መመሪያው ላይ እንዲህ ቢሰፍር ይሻላል፦ «የሰርቨሩ ሰዓት በሳተላይት ጊዜ ይስተካከላል፤ ኮምፒውተሮቹ ከሰርቨሩ ጋር ይናበባሉ። የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ሲደመር 3 ሆኖ ይቆይ። 13:00 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ በእጅ አይቀየርም።»