በ1904 የአሜሪካ ደቡብ ለምን አንድ ቀለም ሆነ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍል። የምኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለዜግነት ፈተና ሳጠና የድሮ የምርጫ ማፖች እያየሁ የ1904ቱ (በፈረንጆች) ግራ ገባኝ። ደቡቡ በሙሉ ዴሞክራት፣ ሰሜኑና ምዕራቡ በሙሉ ሪፐብሊካን። የደቡብ ሰው ሁሉ ያኔ አንድ ሀሳብ ነበረው እንዴ? ሜሪላንድስ ለምን ለሁለት ተከፈለች?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ነገር ነው ያስተዋሉት። ሪፐብሊካኑ ቴዎዶር ሩዝቬልት 336 ኤሌክተር (ስቴቶቹ ፕሬዚዳንቱን እንዲመርጡ የሚወክሏቸው ሰዎች) ሲያገኝ ዴሞክራቱ ዳኛ አልተን ፓርከር 140 ነው ያገኘው፣ ያሸነፈባቸው 13 ስቴቶች ደሞ በሙሉ ድሮ ባርነት የተፈቀደባቸው ናቸው፣ የኒውዮርክ ሰው ሆኖ ኒውዮርክን እንኳን አላገኘም።

የደቡብ ሰው ሁሉ አንድ ሀሳብ ነበረው ወይ ላሉት ግን፣ በፍፁም። አብዛኛው ሰው እኮ ጭራሽ አልተጠየቀም። ሳውዝ ካሮላይናን ይውሰዱ፣ ያኔ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ህዝብ ነበራት፣ ከግማሽ በላዩ ጥቁር ነበር፣ ድምፅ የሰጠው ግን ወደ 55 ሺህ ሰው ብቻ። ካንሳስ በህዝብ ብዛት ብዙም አትበልጣትም ነበር፣ እዛ ግን ወደ 330 ሺህ ሰው መረጠ። ኤሌክተራቸውን ሲያዩት ሳውዝ ካሮላይና 9፣ ካንሳስ 10! ምክንያቱም ኤሌክተር የሚደለደለው በህዝብ ቁጥር እንጂ በመራጭ ቁጥር አይደለም፣ ስለዚህ ከምርጫ የተባረረው ጥቁር ገበሬ ሲቆጠር ይቆጠራል፣ በሱ ቁጥር የሚመጣውን ጉልበት የሚወስዱት ግን ያባረሩት የደቡብ ነጭ ዴሞክራቶች ናቸው። እኔን ከዚህ ታሪክ ሁሉ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። 14ኛው የህገ መንግስት ማሻሻያ እንዲህ የሚያደርግ ስቴት ውክልናው ይቀነስ ይላል፣ ሪፐብሊካኖችም በ1904 ፕሮግራማቸው ላይ ፅፈውት ነበር፣ አሸንፈው ግን ምንም አላደረጉም።

ያባረሩት በህግ ነው። ለመምረጥ ግብር ክፈል ይላሉ፣ ማንበብ ትችላለህ ወይ ብለው ይፈትናሉ፣ ፈታኙ ደሞ የራሳቸው ሰው ነው። ሉዊዚያና ውስጥ በ1896 ከ130 ሺህ በላይ ጥቁር መራጭ ተመዝግቦ ነበር፣ በ1904 የቀረው 1,342 ነው። 8 አመት ብቻ! ድሃ ነጮችም ብዙ ተቆርጠዋል። ሴቶች ደሞ ያኔ ፕሬዚዳንት የሚመርጡት በዋዮሚንግ፣ በኮሎራዶ፣ በዩታና በአይዳሆ ብቻ ነበር፣ አራቱም ለሩዝቬልት ሄደዋል።

መምረጥ የቻለው የደቡብ ነጭ በብዛት ዴሞክራት የሆነው በእርስ በርስ ጦርነቱ ቂም ነው፣ ሪፐብሊካን ማለት በጦርነቱ ሰሜኑን የመራው የሊንከን ፓርቲ ነዋ። በ1901 ሩዝቬልት ጥቁሩን መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተንን ዋይት ሀውስ እራት ሲጋብዘው ደቡብ ውስጥ የተነሳው ቁጣ ሌላ ነበር። ግን ነጩም ቢሆን አንድ አልነበረም፣ የምስራቅ ቴነሲ ተራራማ አካባቢ ሰዎች ባሪያ ብዙም ስላልነበራቸው በጦርነቱ ከሰሜን ጋር ቆመው ነበር፣ ከዛ በኋላም ሪፐብሊካን መምረጣቸውን አላቆሙም፣ የስቴቱ ቀለም ይደብቃቸዋል እንጂ። ሚዙሪም ከ1868 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሪፐብሊካን የዞረችው በዚሁ በ1904 ነው።

ወደ ሜሪላንድ ስንመጣ፣ ሩዝቬልት የበለጠው በ51 ድምፅ ብቻ ነው። ያኔ እዛ ኤሌክተሮቹ አንድ በአንድ በስማቸው ስለሚመረጡ ከ8ቱ 7ቱ የፓርከር ሆኑና ከሩዝቬልት በኩል ቻርልስ ቦናፓርት ብቻ አለፈ፣ አዎ ከናፖሊዮን ቤተሰብ ነው።

እርስዎም መራጭ ሊሆኑ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በቀጣዩ አመት በ1905 የሜሪላንድ ዴሞክራቶች እንደ ደቡቡ ጥቁሮችን ከምርጫ የሚያስወጣ የስቴቱ ህገ መንግስት ማሻሻያ ለህዝብ ድምፅ አቀረቡ፣ ዜግነት ያገኙ የባልቲሞር ስደተኞች ግን ህጉ እኛንም ይቆርጠናል ብለው ከጥቁሮቹ ጋር ተቃወሙትና ማሻሻያው በሰፊ ልዩነት ወደቀ።