በምጣድ መስመር ላይ ኦቨን መጨመር

ጥያቄ፦ ወጥ ቤታችን ውስጥ ለኤሌክትሪክ ምጣድ ተብሎ የተዘረጋ መስመር አለ። በቅርቡ 3000 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ኦቨን ገዛን። የጠራነው ሠራተኛ ኦቨኑን ከዚያው መስመር ቀጥሎ፣ ባለ 20 አምፔሩን ብሬከር በባለ 32 ቢቀይረው እንደሚበቃ ነገረን። ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። እንስማማ?

መልስ፦ አይስማሙ፤ ቤታችሁን ሊያቃጥል የሚችል ምክር ስለተሰጣችሁ በጣም አሳስቦኛል። ብሬከሩ፣ ማለትም ጭነት ሲበዛ መስመሩን በራሱ የሚቆርጠው ማብሪያ፣ የሚጠብቀው ኦቨኑን ወይም ምጣዱን ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 3500 ዋት ገደማ የሚወስድ የቤት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ኦቨናችሁ ደግሞ ወደ 14፤ አንድ ላይ ሲበሩ 30 ይጠጋሉ። በቱቦ ግድግዳ ውስጥ ያለፈ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ግን እንደ አዘረጋጉ ከ20 እስከ 24 አምፔር ገደማ ነው የሚችለው። አሁን ያለው ብሬከር ሁለቱ አብረው ሲበሩ ጥቂት ቆይቶ ይወርዳል፤ ባለ 32ቱ ግን 30 አምፔርን እንደ ጤነኛ ጭነት ስለሚቆጥረው ሳይወርድ ይቆያል፣ ሽቦው ደግሞ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ድረስ ውስጥ ለውስጥ ይግላል። እንዲህ የከረመ ሶኬት ሲፈታ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ፣ የሽቦው ልባስ ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

የተሻለው መንገድ ከዋናው ሳጥን ለኦቨኑ ብቻ የራሱን ባለ 2.5 መስመር ከባለ 16 ወይም ባለ 20 ብሬከር ጋር መዘርጋት ነው። ከዚያ በፊት ግን የቆጣሪያችሁ ዋና ብሬከር ሁለቱን ከሌላው የቤት ጭነት ጋር መቻሉ ይታይ። ግድግዳ መቆፈር የማይመች ከሆነ ወይ ምጣዱን ወይ ኦቨኑን ብቻ የሚያስነሳ፣ ጭነቱን የሚችል ቼንጅ ኦቨር (መምረጫ ማብሪያ) ይገጠም፤ «አብረን አናበራም» የሚለው ስምምነት እንግዳ በመጣ ቀን ይረሳል።

ኦቨኑ አካሉ ብረት ነው፤ ወጥ ቤት ደግሞ እጅ የሚርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ በሶኬቱ ውስጥ መታሰሩ ብቻ ሳይሆን በእርግጥ መሬት ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ ጋር መገናኘቱ በመሣሪያ ይለካ፣ በመስመሩም ላይ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የፍሳሽ ብሬከር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሰው አካል ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር፣ ይጨመርበት።