ኤችዲ 80606 ቢ በትንሽ ቴሌስኮፕ ይታያል?

ጠያቂያችን «ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ አለኝ፤ ይህን ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ማየት እችላለሁ?» ብለዋል። ፕላኔቱን አያዩትም። ፕላኔቱ የሚዞራትን፣ ፀሐይን የምትመስለውን ኮከብ ግን ያለ ችግር ያያሉ፤ ካሜራ ካለዎት ደግሞ ፕላኔቱ በፊቷ ሲያልፍ የሚጥልባትን ግርዶሽ መለካት ይችላሉ።

በመጋቢት ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ትልቁ ድብ የተባለው የኮከቦች ስብስብ በሰሜን ሰማይ ከፍ ይላል። ከድቡ የፊት እግር ላይ ቴታ የተባለውን ኮከብ ይያዙና 2 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ይውረዱ። ተቀራርበው የተቀመጡ፣ በድምቀትም በቀለምም የማይለያዩ ሁለት ኮከቦች ያገኛሉ። አንዷ የፕላኔቱ ኮከብ ኤችዲ 80606፣ ሌላዋ ኤችዲ 80607 ናት። እኔ የምመለከተው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ በኩል ነው፤ የአዲስ አበባ መብራት በስተደቡብ ስለሚቀር ሰሜኑ ይጠራል።

የሁለቱ መንትያነት ለለካ ሰው ትልቅ ሀብት ነው። ቀጭን ደመና ሲያልፍ ሁለቱም እኩል ይደበዝዛሉ፤ ፕላኔቱ ሲያልፍ ግን አንዷ ብቻ፣ ያውም በ1 በመቶ ያህል። ስለዚህ የአንዷን ብርሃን ለሌላዋ ማካፈል ነው። ምስሉን ትንሽ ማደብዘዝ ልኬቱን ያሻሽላል፤ ከበዛ ግን ሁለቱ ይቀላቀሉና ሌሊቱ በከንቱ ያልፋል።

አስቸጋሪው ጊዜው ነው። ግርዶሹ የሚመጣው በየ111 ቀኑ ሲሆን 12 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከእኛ አገር ኮከቧ ለልኬት በሚመች ከፍታ የምትቆየው በአንድ ሌሊት ለ7 ሰዓታት ያህል ብቻ ነው፤ የግርዶሹን መግቢያ ወይም መውጫ መምረጥ ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 ግርዶሹን መጀመሪያ የመዘገቡት የአውሮፓ ተመልካቾችም ሲመሽ ፕላኔቱ ገብቶ ስለነበር የያዙት መውጫውን ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ቢሉ፣ የፕላኔቱ ጠባይ ነው። ክብደቱ የጁፒተርን 4 እጥፍ ያህላል፤ ምህዋሩ እጅግ የተለጠጠ ነው። ከኮከቧ እስከ 130 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርቅና ከ5 ሚሊዮን በታች እስኪሆን ይጠጋታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ይህን ቅርብ ጉዞ ሲከታተል፣ በ6 ሰዓታት ውስጥ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወደ 1,200 ተተኮሰ። ምህዋሩን እንዲህ ያጣመመው የጎረቤቷ ኮከብ የኤችዲ 80607 ስበት እንደሆነ ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ፤ እኔም ይህ ማብራሪያ ያሳምነኛል።

ካሜራዎ ምን ዓይነት እንደሆነ ቢነግሩን የምስል ማንሻ ጊዜውን አብረን እናሰላለን።