ድንኳኑን የሚሸከመው ማነው? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ጥቅምት ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሁሌም እንዲህ ነው፣ በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ድንኳን ነው። ከነሱ አራቱን መርጠናል፣ የመጀመሪያው ረዘም ይላል ምክንያቱም ሌሎቻችሁም የጠየቃችሁት ያንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኛዬ ታኅሣሥ ላይ ባሌ ልንሄድ ነው፣ ከዲንሾ ተነስተን በዌብ ሸለቆ አድርገን ሳነቴ ድረስ አራት ቀን በእግር። እስካሁን እንጦጦ፣ መናገሻ፣ ወንጪ ምናምን ደርሶ መልስ እንጂ ውጪ አድረን አናውቅም። ወንድሜ ኅዳር ላይ ከአሜሪካ ይመጣል፣ ድንኳን አምጣልኝ ስለው ሁለት ሊንክ ላከልኝ፣ አንዱ ግማሽ ኪሎ ነው ዋጋው ግን ያስደነግጣል፣ ሌላው ሁለት ኪሎ ሊሞላ ነው። እኔ ደግሞ ራሴ 52 ኪሎ ነኝ! ቀላል ድንኳን የሚባለው ስንት ኪሎ ነው? (ተራራ ናፋቂዋ፣ ከጀሞ)

መልስ፦ እህቴ ወደ ኪሎው ሳንሄድ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ድንኳኑን ማነው የሚሸከመው? ከዲንሾ ስትነሱ ከጋይዱ ጋር የጭነት ፈረስ ትከራያላችሁ፣ አብዛኛው ሰው እንደዛ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ድንኳኑ አንቺ ጀርባ ላይ አይውልም። ለፈረሱ ደግሞ ግማሽ ኪሎም ሁለት ኪሎም ያው ነው። ያ ውዱ ድንኳን የተሠራው ሳምንታት ሙሉ ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ነው፣ አንቺ ብትገዢው ፈረስ ለማቅለል ነው የከፈልሽው።

አንቺን ማሳሰብ ያለበት ንፋሱና ብርዱ ነው። ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፉ 4,377 ሜትር፣ እዛ ላይ ከጅብራ በቀር ንፋስ የሚከልል ነገር የለም፣ ጅብራው ደግሞ ስንቱን ይከልላል። ታኅሣሥ ላይ ደመና ስለሌለ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ሌሊት ግን ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ይሄድና ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሀይላንድ ውስጥ የተውሽው ውሃ ጠዋት በረዶ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ።

እኔ መጀመሪያ እዛ ያደርኩ ጊዜ ይዤ የሄድኩት በቅናሽ የገዛሁት፣ አንድ ሽፋን ብቻ ያለው፣ ምሰሶው ፋይበርግላስ የሆነ ድንኳን ነበር። ድንኳን ያልበዋል፣ ይሄን ያልቀመሰ ሰው አያውቀውም፣ የሁለት ሰው ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ ጨርቁ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ሳነቴ ላይ ደግሞ ውሃ ሆኖም አይቀር ውርጭ ሆኖ ይለጠፋል፣ እና ሊነጋ ሲል ጓደኛዬ ለሽንት ሊወጣ ዚፑን ሲጎትት ያ ሁሉ በረዶ ፊቴ ላይ ዘነበ። ከዛ በፊት ግን ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ንፋሱ አንዱን ምሰሶ ቀጭ አድርጎ ሰብሮት ስለነበር ጣሪያውን በየተራ በእጃችን እየደገፍን ነው ያነጋነው። ጠዋት ጋይዱ አየን፣ ምንም አላለም፣ ሻይ ብቻ ቀዳልን።

ስለዚህ ለወንድምሽ እንዲህ በይው። አንደኛ ሁለት ልብስ ያለው ይሁን፣ ማለትም ውስጡ እንደ አጎበር ሆኖ ከላዩ ሌላ የዝናብ ሽፋን የሚለብስ፣ ላቡ የላይኛው ላይ ይቀራል እናንተ አትነኩትም። ለብርድ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ሙሉ በሙሉ መረብ ባይሆን ይመረጣል፣ ከታች ግማሽ ድረስ ጨርቅ የሆነ አለ፣ ንፋሱ ከስር ገብቶ ፊት ላይ እንዳያፏጭ። ሁለተኛ ምሰሶው አልሙኒየም ይሁን፣ ፋይበርግላስ የሚል ካየ ይለፈው። ሦስተኛ በራሱ የሚቆም ይሁን፣ ምሰሶውን ስታስገቢ ያለ ካስማ የሚቆመው ማለቴ ነው፣ እዛ አንዳንዱ ቦታ ስሩ ድንጋይ ስለሆነ ካስማ እምቢ ይላል፣ ያኔ ገመዱን ትልቅ ድንጋይ ላይ ታስሪና ያልቃል። ግን በራሱ ይቆማል ማለት አይታሰርም ማለት አይደለም እሺ፣ ባዶውን ትተሽው ፎቶ ልታነሺ ብትሄጂ ኳስ ነው የሚሆነው፣ ስትመለሺ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ትፈልጊዋለሽ።

ይሄን ሁሉ አሟልቶ ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ካገኘ ለናንተ ቀላል የሚባለው እሱ ነው፣ ከዛ በታች ለመውረድ የሚከፈለውን ብር ወፍራም ስሊፒንግ ባግና (የመኝታ ከረጢት) ማት (ከስር የሚነጠፍ ፍራሽ) ላይ አውሉት። ኔቸርሃይክ የሚባለው የቻይናው በዚህ ሚዛን ዋጋው የማይጎዳ አለው፣ ቢግ አግነስ ኮፐር ስፐር ደግሞ የሁለት ሰዉ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ በጣም አሪፍ ነው ግን ጨርቁ ስስ ነው፣ እንደ ነጠላ ነው የሚያዘው። ኪሎውን ስታዩ ደግሞ ሁለት ቁጥር ነው የሚጻፈው፣ ትንሹ ካስማና ገመድና ከረጢቱን ሳይቆጥር ነው፣ እናንተ ትልቁን እዩ። «የሁለት ሰው» የሚለውንም ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ ብዙዎቹ ራስጌያቸው 130 ሴንቲሜትር ግርጌያቸው 107 ምናምን ነው፣ የተለመደው ማት 51 ሴንቲ ስለሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን ይገባሉ፣ ሰፋፊዎቹን 64 ሴንቲዎቹን ከያዛችሁ ግን ግርጌ ላይ ይነባበራሉ። ከጓደኛሽ ጋር ካልተኳረፋችሁ ይበቃል።

ወንድምሽ ካስማዎቹን ሻንጣ ውስጥ ያስገባቸው፣ በእጅ ቦርሳ ይዞ ኤርፖርት እንዳይከራከር። ዲንሾ ስትደርሱ ደግሞ ድንኳኑን ከነከረጢቱ ጆንያ ውስጥ ክተቱት፣ የፈረስ ጭነት ገመድ ቀኑን ሙሉ ሲፈትገው ስስ ጨርቅ አይችለውም፣ ይሄን ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስቴ ተክላችሁ ነቅላችሁ ተለማመዱ፣ ሳሎን ውስጥም ይሆናል፣ በጨለማና በጓንት መሞከር ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ በአፓላቺያን ትሬይል ብቻዬን ሁለት ሦስት ሌሊት እያደርኩ መሄድ ጀምሬያለሁ። ያለኝ ድንኳን 2.7 ኪሎ ነው፣ ጀርባዬ አለቀ። ችግሩ ቁመቴ 1.92 ነው፣ የሞከርኳቸው ሁሉ እግሬ ጋ ይረጥባሉ። (ረጅሙ፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ወንድሜ አንተ ጋ ነገሩ ይገለበጣል፣ ፈረስ የለህም። የዛ መንገድ ፓርኩ ውስጥ ያለው ብቻ 160 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ሁሉንም በጀርባህ ነው የምትጨርሰው፣ ስለዚህ ላንተ እያንዳንዱ መቶ ግራም ዋጋ አለው። መሬቱ ደግሞ አፈር ነው ካስማ ይይዛል፣ ጫካው ንፋሱን ይሰብርልሃል፣ እና ለጀሞዋ እህታችን የከለከልኩትን ላንተ እፈቅዳለሁ ማለት ነው፣ ምሰሶ የሌለው፣ በምትመረኮዝበት ዱላ የሚቆመውን። ዱላውን እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ይዘኸው ነው የምትውለው፣ ማታ ሌላ ሥራ ሰጠኸው።

ከነዚህ ውስጥ ድርስተን ኤክስሚድ የሚባለው አለ፣ የሁለት ሰዉ እንኳን አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ ጨርቁ ፖሊስተር ነው፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አይደለም፣ ናይለን ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ማታ ወጥረኸው የተኛኸው ሌሊት ረግቦ ፊትህ ላይ ይተኛል፣ ፖሊስተር ግን ብዙም አይረግብም። ዚፓክስ ዱፕሌክስ ደግሞ ግማሽ ኪሎን ትንሽ አለፍ ቢል ነው፣ ዳይኒማ ከሚባል ነገር ነው የሚሠራው፣ ውሃ ጭራሽ አይጠጣም፣ ዋጋውን ግን ስታየው ቁጭ ብለህ ይሁን። ዱፕሌክሱ አንድ ሽፋን ብቻ መሆኑንም እወቅ፣ እናንተ ጋ በጋው እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ማላቡ አይቀርም፣ ትንሽ ፎጣ ይዘህ ጠዋት ትወለውለዋለህ።

ቁመትህን በተመለከተ፣ ሰው የሚያየው የወለሉን ርዝመት ነው፣ አንተን ግን ያስቸገረህ ግርጌ ላይ ያለው ግድግዳ ተዳፋትነት ነው። ወለሉ 220 ሆኖ ጨርቁ ከእግርህ በላይ ዘመም ብሎ ከወረደ ስሊፒንግ ባጉ ይነካዋል፣ ላቡን ይጠጣዋል፣ «ረጠበ» የምትለው እሱ ነው እንጂ ዝናብ አይደለም። ስለዚህ ወለሉ ከ225 በላይ፣ ግርጌው ደግሞ ቀጥ ያለ ፈልግ፣ እና ከመግዛትህ በፊት ማትህን ነፍተህ ስሊፒንግ ባግህ ውስጥ ሆነህ ሱቁ ውስጥ ተኛበት፣ አይሳቅብህም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ያደርጋል። የፓርኩን የማደሪያ ፈቃድ ማውጣት እንዳትረሳ፣ ምግብህንም ድንኳን ውስጥ ይዘህ አትተኛ፣ እዛ ድብ አለ፣ ቆሎም ሆነ በሶ ለድብ ያው ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት የተላከልኝን ድንኳን ዘንድሮ ከቁም ሳጥን ላይ ሳወርደው ውስጡ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል፣ ሽታው ደግሞ የታመመ ልጅ ያስመለሰበት ይመስላል። ሁለቴ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት። ሳሙና ያስለቅቀዋል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አያስለቅቀውም ጌታዬ፣ ይቅርታ። ውሃ እንዳያስገባ ከውስጥ የሚቀባው ፖሊዩሬታን የሚባል ነገር ነው፣ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ ከተቀመጠማ ይፈጥናል። ሽታው የመፍረሱ ምልክት ነው። የሚጣበቀውን በአልኮል ፈግፍጎ እንደ አዲስ መቀባት አለ ግን ድካሙን አያክልም፣ ወለሉ ብቻ ከሆነ የተበላሸው ከስሩ ላስቲክ አንጥፈው በበጋ ይጠቀሙበት። ለሚቀጥለው ግን ከጉዞ እንደተመለሱ ጥላ ስር ያድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ፀሐይም ናይለኑን ትበላዋለች በተለይ ደጋ ላይ፣ ከዛ በጠባቧ ከረጢቱ ሳይሆን ላላ አድርገው ትራስ ልብስ ውስጥ ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ እኛ ውጪ ዘመድ የለንም። ሸራ ገዝቼ መርካቶ ድንኳን ባሰፋስ? (ሦስት ጓደኛሞች፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የለቅሶ ድንኳን ከሆነ አዎ ☺ የጥጥ ሸራ ለመሸከም አይሆንም፣ ደረቁ ራሱ ከባድ ነው፣ ሲረጥብማ እጥፍ ይሆናል። ድንኳን ማሰፋትም አልመክርም፣ ዝናብ የሚገባው በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ ነው፣ የመርፌው ቀዳዳ ሁሉ ካልተደፈነ ያንጠባጥባል።

ግን ማን ነው ድንኳን ግድ ነው ያላችሁ? በበጋ ላንጋኖ ከሆነ የምትሄዱት ሦስት በአራት ሜትር የሆነ ቀላል የናይለን ሸራ፣ ጠርዙ ላይ ቀለበት ያለው፣ ሁለት ዛፍ መሃል ገመድ ወጥራችሁ ጣል ብታደርጉበት በቂ ነው፣ እንደውም ላንጋኖ ሙቀት ላይ ዝግ ድንኳን ውስጥ ከመተኛት ይሻላል። ከስሩ የአልጋ አጎበር ስቀሉ፣ እቤት ያለው ይሆናል፣ ጠርዙን ማቱ ስር ወትፉት ምክንያቱም ላንጋኖ ወባ አለ። ዛፉን ስትመርጡ ቀና ብላችሁ ደረቅ ቅርንጫፍ እንደሌለ እዩ፣ እና ከሐይቁ ዳር ራቅ በሉ፣ ንፋሱ የሚመጣበትን አይታችሁ የሸራውን ዝቅተኛ ጎን ወደዛ አዙሩት።