«ሞቀች»፣ «ጋለች» ወይስ «ፈላች»?

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው የመጣው። ጠያቂው የሚኒባስ ሹፌር ነው፦ «ጋሼ፣ የደንገጎን ዳገት ስወጣ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ጋ ደረሰብኝ። ጋራዥ ገብቼ ‹ሞቀችብኝ› ስለው ሜካኒኩ ‹አቦ፣ ሞቀች ነው ፈላች?› አለኝ። ይለያያሉ እንዴ? ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው?»

ወንድሜ፣ በጣም ይለያያሉ፣ ሜካኒኩም የጠየቀህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ «ጋለች» እንድትል ነበር የምፈልገው፣ ይሄ ቃል ከጋራዥ አፍ እየጠፋ መሄዱ ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ስለሆነ መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

«ሞቀ» ግእዙም ሞቀ ነው፣ ሥሩ ም-ው-ቅ፣ መሃሏ «ው» ተውጣ ነው «ሞ» የሆነችው፣ ቆመና ጾመ እንደሆኑት ማለት ነው። ይሄ ግስ በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ደስ የሚል ነገር ነው የሚናገረው። ፀሐይ ሞቀ፣ እሳት ሞቀ፣ ሰርጉ ሞቅ ደመቅ አለ፣ ሁለት ብርጭቆ ቀምሶ ሞቅ አለው። ሞተርም እንደዚሁ መሞቅ አለበት፣ ጤነኛ ሞተር በደንብ የሚሠራው ውሃው ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው፣ ጠዋት አስነስተህ «ትንሽ ትሙቅ» የምትለውም ለዚሁ ነው። ደግሞ አሉታውን እየው። «ሞተሩ አልሞቅ አለ» ብትል ሜካኒክ የሆነ ሁሉ ቶሎ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ ነው የሚጠረጥረው፣ ክፍት ሆኖ ከቀረ ውሃው ገና ሳይሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው፣ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ ጌጁ ከታች አልነሳ ይላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ በተለይ በሐረር ጠዋት ወይ ደንገጎን ቁልቁል ስትወርድ ቁጭ ብሎ ታየዋለህ። «አልሞቅ አለ» ብልሽት ከሆነ ታዲያ «ሞቀ» እንዴት ብልሽት ይሆናል?

«ዐውዱ ይለየዋል፣ ምን አስጨነቀህ» የሚሉ የቋንቋ ሰዎች አሉ፣ ክርክራቸውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጋራዥ ውስጥ ግን ዐውዱ ሲለየው አላየሁም። «ሞቀች» ሲባል ብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ ድሬ ሞቃት አገር ነው ምን ያደርግልሃል» ነው። ቴርሞስታት እኮ ሙቀት አይጨምርም! ውስጡ ሰም አለው፣ ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና በሩን ይከፍታል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፣ በቃ። ስሙም ይሄንኑ ይላል፣ ግሪክ ነው፣ ቴርሞስ ሙቅ፣ ስታቶስ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሻይ የምንይዝበት ፔርሙስም ከዚሁ ቴርሞስ ነው። «ሙቀት ጠባቂ» ብንለው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ቴርሞስታት ሥር ሰዷል፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) እና ጓርኒሲዮን (ከራሱ ሥር የሚገባው ማሸጊያ) ከጣሊያን መጥተው እንደቀሩት ይሄም ይቅር።

አሁን «ጋለ»። ምጣዱ ሲግል ነው ሊጥ የሚፈሰው፣ ብረት ሲግል ነው የሚቀጠቀጠው። ሲነኩት የሚያቃጥል ነገር ነው የሚግለው። ጌጁ ቀዩ ጋ ከደረሰ ጋለች ነው እንጂ ሞቀች አይደለም።

«ፈላ» ከግእዙ ፈልሐ ነው፣ ሐዋ ወድቃ ነው የቀረው፣ ፍል ውሃም ከዚያው ነው። ፈልሐ መንተክተኩንም አረፋ ማውጣቱንም ይዟል፣ ጋራዥ ውስጥ የሚያሳስተውም እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ራዲያተሩ ላይ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ውሃው ፈልቶ ሳይሆን ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ የሲሊንደር ጋዝ እየገባበት ሊሆን ይችላል። እውነተኛው መፍላት ደግሞ እንደየቦታው ይለያያል። ክፍት ድስት ላይ ድሬ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች በ94 ገደማ። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ከሆነ ግን ግፊቱን ስለሚይዝ ውሃው እስከ 115 እና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ ጌጁ ብዙም ሳይወጣ ከፈላች ክዳኑን ተጠራጠር፣ ጌጁ ወጥቶ ካልፈላች ቴርሞስታቱንና ሴንሰሩን አስፈትሽ። ቴርሞስታቱን ድስት ውስጥ አድርገው ሲሞክሩት ደግሞ ላዩ ላይ 88 ተጽፎ ከሆነ 88 መከፈት የሚጀምርበት ነው፣ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ 10 ዲግሪ አልፎ ነው፣ የእኛ አገር ድስት ውሃ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይፈላል፣ ስለዚህ ግማሽ ብቻ ተከፈተ ተብሎ ደህናው ዕቃ እንዳይጣልብህ።

የተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ማስረጃ ራሷ ድሬ ናት። «ሙቀቱ ገደለን» ይላል ሕዝቡ፣ እኔ ሐሩር፣ ወበቅ፣ ወላፈን እያሉ ሲለዩት ነው የምወደው፣ ግን ሙቀት ለክፉውም እንደሚነገር መካድ አልችልም። «ሞቀች» ማለትም አገር የያዘው አነጋገር ሆኗል፣ ስሕተት ነው ብዬ ቀይ እስክሪብቶ አላነሳበትም። ወጣቶቹ «ኦቨርሂት አደረገች» ይላሉ፣ አልወደውም፣ ግን ቢያንስ ጤናውን ከበሽታው ይለያል፣ «ጋለች» ሊሠራው የሚገባውን ሥራ እሱ ነው እየሠራ ያለው።

አንተ ወደ ጋራዡ ተመለስና እንዲህ በለው፦ «ዳገት ላይ ጋለች፣ ውሃ አልገነፈለችም፣ ሜዳ ስትይዝ ጌጁ ወረደ።» የሆነውም እንደዚህ ከሆነ ማለቴ ነው። ቆማም የምትግል ከሆነ እሱንም ጨምርለት፣ መጀመሪያ ፋኑን ያየዋል። ስትግል አንዱን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) አቃጣይ ሌላውን ቀዝቃዛ ካገኘው በአብዛኛው ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል ማለት ነው፣ በአዲስ ይቀይረው እንጂ አውጥቶ ባዶውን እንዳይዘጋው ንገረው። ክዳኑን ደግሞ ሞተሩ እንደጋለ አትክፈት።