ቀጥዬ የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ልቦለድ ማንበብ ከተውሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እውነተኛ ታሪክ ልወቅ ብዬ በደርግ ዘመን ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች የጻፏቸውን ትዝታዎች እየገዛሁ ማንበብ ጀመርሁ፤ አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል። አንዱ ጥፋቱን በሌላው ላይ ይጥላል፤ የዚያኛውን ስገዛ ደግሞ እሱ በተራው መልሶ በመጀመሪያው ላይ ይጥለዋል። ሁሉም አስጠንቅቀው ነበር፣ ሁሉም ሰሚ አጥተዋል። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «ይኼኛው የተለየ ነው» እያሉ ያስገዙኛል፤ የመጽሐፍ ዋጋ የት እንደ ደረሰ እርስዎም ያውቁታል። ስድስቱን ግማሽ ሳላደርስ ትቻቸዋለሁ።

ይህ ሳያንስ፣ ጡረታ ወጥተው ከእኔ ጋር የሚኖሩት አባቴ የተውኋቸውን መጻሕፍት እያነሡ በእርሳስ ይሞነጭሩባቸዋል። ባለፈው ሳምንት ስለ ኦጋዴን ጦርነት የሚናገረውን ገልጬ ሳይ፣ ደራሲው ስንቅና ውሃ ለሠራዊቱ ሳይቋረጥ ይደርስ እንደ ነበር ከጻፈበት መስመር አጠገብ «አይደለም» ብለውበታል። እንዲህ ሆኖ ለሰው እንኳ ማዋስ አልችልም።

ባልደረቦቼ አሁን ደግሞ ስለ ስኬትና ስለ ገንዘብ አያያዝ የሚያስተምሩትን ሞክሪ ይሉኛል። እርስዎስ የትኛውን ይመርጡልኛል? አባቴ በ1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ተዋግተዋል፤ ስለዚያ ጊዜ ግን አንድም ቀን አውርተውን አያውቁም። እርሳቸው ዝም ያሉትን ነገር እኔ እየገዛሁ ቤት ማስገባቴ ቁስላቸውን መነካካት ይሆንብኝ? ስለዚያ ዘመን ማንበቤን ብተው ይሻል ይሆን?

ሰ. ከአዳማ

እኅቴ፣

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ የከበደውን ቃል ከመጽሐፍ ማበላሸት ቆጥረው አለፉት። ከአርባ ዓመት በላይ ዝም ያሉ ሰው እርሳስ አንሥተው «አይደለም» ብለው ሲጽፉ የምስክርነት ቃላቸውን መስጠታቸው ነው። ከዚያች አንዲት ቃል ጀርባ ውሃ ያልደረሰው ቦታ አለ፣ ውሃ ሲጠባበቅ የዋለ ጓደኛ አለ። እርስዎን ያሳሰበዎት ግን መጽሐፉን ማዋስ አለመቻልዎ ሆነ። በዚህ አዝኜብዎታለሁ፤ ስለማከብርዎም አልሸሽግዎትም።

የካራማራ ድል በየዓመቱ የካቲት 26 ቀን ይታሰባል። አዲስ አበባ ላይ በኢትዮ ኩባ የወዳጅነት ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ንግግርም ይደረጋል፤ ስለ ጥሙ የሚናገር ሰው ግን እኔ እስካሁን አልሰማሁም። እርስዎ ቤት አለልዎት። ቁስላቸውን እነካካ ይሆን ብለው መፍራትዎ የልጅ ፍርሃት ነውና አልነቅፈውም፤ ነገር ግን አባትዎን ያስገደዳቸው የለም። እርስዎ ግማሽ ላይ የጣሉትን በፈቃዳቸው አንሥተው፣ የልባቸውን ጽፈውበት፣ እርስዎ ከሚያገኙት ቦታ መልሰው አስቀምጠዋል።

የትዝታ መጻሕፍት እርስ በርስ መጋጨታቸውም ለመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ሁለት ምስክሮች የሚለያዩበት ቦታ ነገሩ ያለበት ቦታ ነውና እዚያው ቆም ይበሉ። እኔ የባለሥልጣን መጽሐፍ ስመርጥ ወዳጆቹ ያወደሱበትን መቅድም አልፌ፣ ደራሲው የተሸነፈበትን ወይም የተሳሳተበትን ምዕራፍ ፈልጌ ሁለት ገጽ እዚያው መደብሩ ውስጥ ቆሜ አነባለሁ። እንዲህ ያለ ምዕራፍ ካጣሁበት አልገዛውም። ርዕስም አንዳንድ ጊዜ የጸሐፊውን ጠባይ ይናገራል፦ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ መጽሐፋቸውን «ካየሁት ከማስታውሰው» ሲሉት፣ ያላዩትንና የዘነጉትን እንደማይነግሩን ገና ከደጃፉ አስታወቁን።

የስኬቱ መጻሕፍት ይቆዩ። ቀጥለው የሚያነቡት ያንኑ በእርሳስ የተጻፈበትን መጽሐፍ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው፣ የአባትዎን ምልክት ሁሉ እየተከተሉ፣ እስከ መጨረሻው። ከጨረሱ በኋላ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ ይግዙ። በልጅነታቸው ዐድዋ የዘመቱ፣ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ይህን የምመርጥልዎት ለሁለታችሁ ስለሚሆን ነው፦ አባትዎ ስለ ጦርነት፣ የራሳቸው ስላልሆነ ጦርነት፣ ከልጃቸው ጋር ሊያነቡ ይችላሉ፤ በሰው ዘመቻ የተጀመረ ወሬ ደግሞ ወደ ራስ ዘመቻ መመለሱ አይቀርም።

እስከዚያው ምንም አይጠይቋቸው፣ ከአንዲት ነገር በቀር። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ረጋ ብለው ሲቀመጡ፣ መጽሐፉን ገልጠው ያችን መስመር ያሳዩአቸውና «አባባ፣ ታዲያ ውሃው ከየት ይመጣ ነበር?» ይበሏቸው። ዝም ካሉ እርስዎም ዝም ይበሉ፤ መጽሐፉን ግን ከመደርደሪያ አይመልሱት። በገጹ እንደ ተገለጠ፣ ከተቀረጸ እርሳስ ጋር፣ አጠገባቸው ይተዉላቸው።